የፍሬሽማን ፊዚክስና የፒዲኤፍ ክምር

ሴሚስተር በተጀመረ ሳምንት የፍሬሽማን ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፖች በፒዲኤፍ ይጥለቀለቃሉ። ሰርዌይ፣ ሃሊደይና ሬስኒክ፣ ያንግና ፍሪድማን። አንዱ ሲኒየር ደግሞ ከፋይንማን ውጪ አታንብቡ ብሎ ይጨምርበታል። ከክፍለ ሀገር የመጣው ልጅ ሁሉንም ያወርዳል፣ የስልኩ ሚሞሪ ይሞላል፣ በአንዱም ሦስተኛው ምዕራፍ አይደርስም።

ልጁን ሰነፍ ከማለት በፊት ኮርሱን ማየት ነው። ጀነራል ፊዚክስ በአንድ ሴሚስተር ከቬክተር ተነስቶ በእንቅስቃሴ፣ በፈሳሽ፣ በሙቀትና በሞገድ በኩል ኤሌክትሮኒክስ ድረስ ይጋልባል። ሃሊደይም ሰርዌይም ከሺህ ገጽ በላይ ናቸው፤ አንባቢያቸው ካልኩለስን ጎን ለጎን እየተማረ ነው ብለው ነው የሚጓዙት። የእኛ አገር ፍሬሽማን የሚወስደው የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ ግን ሎጂክ፣ ሴት፣ ፈንክሽንና አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ነው። ካልኩለስ የለበትም። ስንቁ 12ኛ ክፍል ላይ ያያት ዲሪቬቲቭ ናት፤ እሷም መምህሩ እዚያ ምዕራፍ ከደረሰ ነው።

ፋይንማንማ ጭራሽ ለዚህ አይሆንም። ድንቅ መጽሐፍ ነው፣ ድረ ገጽ ላይም በነጻ ይነበባል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1963 ለካልቴክ ተማሪዎች የተሰጠ ሌክቸር ነው፤ ራሱ ፋይንማን እንኳ በመቅድሙ ለተማሪዎቹ ብዙም እንዳልተሳካለት ጽፏል።

ለዚህ ኮርስ የሚሻለው የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ኦፕንስታክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ኮሌጅ ፊዚክስ ነው። በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ ይሄዳል፣ ደረጃ በደረጃ የተሠሩ ምሳሌዎች አሉት፣ ማውረዱ ነጻና ሕጋዊ ነው። እሱም ወፍራም ነው፤ ግን ኮርሱ የሚነካቸውን ምዕራፎች ብቻ መርጦ ፕሪንት ማድረግ ይቻላል። ካልኩለስ የሌለበትን መጽሐፍ እንደ ውርደት የሚያዩ አሉ (ዶርም ውስጥ ሃሊደይን ታቅፎ መታየት ክብር አለው)። ፈተናው የሚያየው ግን የተሠራ ጥያቄ ነው፤ የዲፓርትመንት ምርጫም በዚያው ግሬድ ይመዘናል። ኢንጂነሪንግ የገባው ካልኩለሱን ሲይዝ ወደ ሰርዌይ ይሂድ፤ ያኔ ግማሹ አዲስ አይሆንበትም።

የፊዚክስ ዲፓርትመንቶችስ? ኮርስ አውትላይን ግርጌ ላይ የመጽሐፍ ስም ደርድሮ ከመተው፣ አንዱን መርጠው የትኛው ክፍል ከየትኛው የሞጁሉ ምዕራፍ ጋር እንደሚሄድ በአንድ ገጽ ጽፈው ቢለጥፉ ምን ይከብዳቸዋል?