ኮምፕሬሰር

ወንድሜ በሞተ በዘጠነኛው ወር የመኪናው ቁልፍ እኔ እጅ ገባ። የሰጠችኝ ሚስቱ ናት። «አንቺ ከሰው ጋር ትግባቢያለሽ፣ ጋዜጠኛም ነሽ፤ ሽጭልኝ» አለችኝ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ለመኪና ሽያጭ ምን እንደሚረዳ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ነገር ግን የሁለቱ ልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ከመስከረም በፊት መግባት ነበረበትና አልተከራከርኳትም።

መኪናው ጀርመን ሠራሽ፣ ብርማ ቀለም፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት የዘለለ ነው። ከኋላው በብረት ፊደል «ኮምፕሬሰር» የሚል ተለጥፎበታል። ለሰፈራችን ሰው ኮምፕሬሰር ማለት ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ሲንደቀደቅ የሚውለው ጎማ መንፊያ ነውና፣ ወንድሜን «ይኼ መኪና ጎማው ሲተነፍስ ራሱ ይነፋል?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ኮስተር ብሎ «ጎማውን ሳይሆን ሞተሩን ነው የሚነፋው» ይላቸዋል። ቀልድ መስሎን እንስቅ ነበር። ለካ እውነቱን ነው።

ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም፤ አየርም ይጠጣል። ጉልበቱ ባቃጠለው ነዳጅ ልክ ነው፤ ሊያቃጥል የሚችለው የነዳጅ መጠን ደግሞ ባገኘው አየር ይወሰናል። ተራው ሞተር ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የሳባትን አየር ይዞ ይሠራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት፤ የአየራችን ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። እንግዲህ ጅቡቲ ወደብ ላይ መቶ ፈረስ ጉልበት የነበረው መኪና እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰባ አምስት ፈረስ ይዞ ነው የሚያቃስተው። ኮምፕሬሰር የተባለው ዕቃ ይህን ጉድለት ለማካካስ ይረዳል። ከሞተሩ በቺንጋ ጉልበት እየተበደረ ይሽከረከርና አየሩን ጨምቆ በግድ ያጎርሰዋል።

ዕቃው ለመኪና አልነበረም የተፈለሰፈው። ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ የሚባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1860 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ሲያስመዘግቡት መኪና ገና አልተወለደም፤ ለብረት ማቅለጫ ምድጃ አየር መንፊያ ሆኖ ነበር ስም ያወጣው። ሁለት ጠማማ ዘንጎች እንደ ሁለት ተፋቃሪዎች ሳይነካኩ ጎን ለጎን ይዞራሉ፤ አየሩን በመካከላቸው ይዘው ወዲያ ማዶ ይገፉታል። ሲሠራ ያፏጫል። ይህችን ፉጨት አንባቢዬ ያዝልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

«ገበያው ጥሩ ነው» አለኝ ደላላው። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና እንደ ሽማግሌ መከበር ጀምሯል።

የመጀመሪያው ገዢ ወጣት ነጋዴ ነበር። «ዳገት ላይ ልየው» አለና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ይዞት ወጣ፤ እኔ አጠገቡ ነኝ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። ከዚያ መኪናው አንድ ሰው ከኋላ በገመድ የያዘው ያህል ሆነ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም ሞተሩ ከተወሰነ ዙር በላይ አልሄድ አለ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል እየወረዱ አዩን፤ አንዷ የሳቀች መሰለኝ። ወጣቱ ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና ሲያስነሳው መኪናው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ደህና ሄደ። እሱ ግን አልተመለሰም። «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎኝ ወረደ። ስለ ወንድሜ ይሁን ስለ መኪናው አልጠየቅሁትም።

ከዚያ የጋራዥ ዙረት ተጀመረ። የመጀመሪያው መካኒክ ካንዴላዎቹን ፈታና ጥቀርሻ የለበሱ መሆናቸውን አሳየኝ። አጠበ፤ መለሰ፤ ተቀበለ። ካንዴላ ለምን ይጠቁራል ብሎ ራሱን አልጠየቀም፤ እኔም ለመጠየቅ አላወቅሁበትም። መኪናው ሦስት ቀን ደህና ሆነና በአራተኛው ቀን እዚያው ዳገት ላይ ደከመ። ሁለተኛው የነዳጅ ፊልትሮ ለወጠ። ሦስተኛው ኮምፒውተር አለው። ሽቦውን ከመሪው ሥር ሰካና ማያው ላይ ቁጥር ወጣ፤ ፒ0299። «ሴንሰር ነው» አለኝ። የሚገባውን አየር የሚለካውን ዕቃ በአንድ ወር የቤት ኪራዬ ለወጠልኝና ቁጥሩን አጠፋው። አራት ቀን።

አራተኛው መካኒክ ዋጋ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ፈላስፋ ነበር። «እህቴ፣ ይኼ መኪና ለአገራችን አየር አልተሠራም» አለኝ። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስላለበት ከውሸት ይልቅ አሳሳች ነው። በጭስ ኃይል የሚዞረው ቱርቦ አየር ሲሳሳ ፈጠን ብሎ በመዞር ጉድለቱን በተቻለው ይሸፍናል፤ ኮምፕሬሰር ግን ከሞተሩ ጋር በቺንጋ የታሰረ ስለሆነ ከታዘዘለት ዙር በላይ አያልፍም። እንጦጦ ላይ ጥቂት ጉልበት ማጣቱ አይቀርም ማለት ነው። ነገር ግን የመኪናው ኮምፒውተር የአካባቢውን የአየር ግፊት ያውቃል፤ በስስ አየር የተነሳ መብራት አያበራም። ደግሞስ ወንድሜ በዚህ መኪና ስንት ዓመት እንጦጦን ወጥቷል!

ደላላው ነገሩ እንዲህ መጎተቱ አስገረመው። «ምን ያደክምሻል? ጠዋት ቁጥሩን እናስጠፋለን፤ ገዢው ከሰዓት ቦሌ መንገድ ሜዳ ሜዳውን ይነዳል፤ ማታ ውል እንፈራረማለን» አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ እሺ ብዬው ነበር። ቁጥሩም ጠፋ። ከሰዓት የመጡት ሰው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስለ ወንድሜ ጠየቁኝ፤ ስለ ልጆቹም። ቦሌ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለሱበትና ወደዱት። የተጠየቀውን ዋጋ ሊከፍሉ ነው። ለልጃቸው ሠርግ ካልደረሰ ብለው ሲስቁ፣ አፌ ራሱ ተናገረ፤ «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ይደክማል» አልኳቸው። ደላላው ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። መምህሩ ዝም ብለው ቆዩና «ካሠራሽው በኋላ ደውይልኝ፣ ልጄ» ብለው ሄዱ።

ለወንድሜ ሚስት ማታውኑ ነገርኳት። ተቆጣችኝ። «የሰጠሽው የማንን ገንዘብ ነው? የራስሽን ቢሆን ቸርነት ይባላል» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። በራስ ኪሳራ እውነት መናገር አንድ ነገር ነው፤ በሁለት አባት የሌላቸው ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ መናገር ሌላ ነው። በዚያ ሳምንት ምንም አልጻፍኩም።

ፍንጩ የመጣው ከታላቁ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ልመልሰው ሄጄ፣ ኋላ ተቀምጦ ጆሮውን ቀስሮ ቆየና «አባዬ ሲነዳው ያፏጭ ነበር፤ አንቺ ስትነጂው ‹እስስስ› ይላል» አለኝ። ያን ጊዜ እንደ ልጅ ወሬ ነበር የሰማሁት።

በማግስቱ ግን ቃሉን እንዳለ ተርቼ ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ ነገርኳቸው። ጋራዣቸው አንድ ክፍልና አንድ የባሕር ዛፍ ጥላ ነው። የመኪናውን ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት ጥያቄ አበዙብኝ። ሲሞቅ ነው ሲበርድ? ሜዳ ላይ በፍጥነት ስትሄጂስ? አጥፍተሽ ስታስነሺው ይመለሳል? ጥቁር ጭስ አይተሻል? ከዚህ በፊት የጠየቀኝ አልነበረም፤ ሁሉም ሲፈቱ ነበር። «እስስስ» ስላቸው ቀና አሉ። «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ። «ዘጠኝ» አልኳቸው። «እንግዲህ ከአራት መካኒክ በልጧል» አሉ።

ረዳታቸው ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ከኋላ ተቀመጠ፤ እሳቸው አጠገቤ፤ እኔ እየነዳሁ ወደ እንጦጦ ወጣን። ቁጥሩን ለማንበብ አልነበረም የተጓዝነው። መኪናው እየሄደ ሳለ ምን ያህል አየር እንደገባ፣ ምን ያህል ግፊት እንደተፈለገና ምን ያህል እንደተገኘ ጎን ለጎን ለማየት ነው። መብራቷ ስትበራ ረዳቱ ጮክ ብሎ አነበበ። የገባው አየር ብዙ ነው፤ የተገኘው ግፊት ትንሽ ነው።

ሽማግሌው ይህችን ሲሰሙ «በቃ፣ ተመለሺ» አሉኝ። ቁልቁል ስንወርድ አስረዱኝ። ቺንጋው ቢንሸራተት ኖሮ ወይም የኮምፕሬሰሩ መመለሻ በር ተከፍቶ ቀርቶ ቢሆን ከውጭ የሚገባውም አየር ባነሰ ነበር። የጭስ ማውጫው ተደፍኖ ቢሆን ደግሞ አየሩ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ከፍ ባለ ነበር። ብዙ ገብቶ ትንሽ ከደረሰ፣ መንገድ ላይ የሚሰርቅ አለ። ካንዴላውም የጠቆረው ለዚህ ነው፤ ኮምፒውተሩ በበሩ የገባውን አየር ቆጥሮ ነዳጅ ይልካል፣ አየሩ ግን ሳይደርስ ሾልኳል፤ ነዳጁ ተርፎ ይጨሳል። የተፈለገውና የተገኘው ሲራራቅበት ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ጠፍቶ ሲነሳ እንደ አዲስ ያምናል፤ ቀጣዩ ዳገት እስኪመጣ። እኛም ቁጥሩን ባጠፋን ቁጥር ከሳሹን ነበር የምናባርረው፤ ሌባው እቤት ነው።

ቀሪው ሌባውን መያዝ ነው። በቆመ መኪና ላይ ምንም አይታይም፤ ግፊት ከሌለ ስንጥቁ ግጥም ብሎ ይተኛል። ሽማግሌው ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣውን ማኒኮቶ ከአንድ ጫፉ ነቀሉና የውስጥ ጎማ ቫልቮላ በተተከለበት ላስቲክ ደፈኑት። ከዚያ ረዳቱን ጎረቤት ጎሚስታ ዘንድ ላኩት። ጎማ መንፊያው መጣ፤ ኮምፕሬሰሩን ኮምፕሬሰር ሊመረምረው! ወንድሜ ይህን ሳያይ መሞቱ ቆጨኝ። ግፊቱን ግማሽ ባር ላይ እንዲያቆመው ደጋግመው አስጠነቀቁት፤ ለጎማ የሚሰጠውን ያህል ቢለቀው ደህናውንም ማኒኮቶ ይቀደው ነበር። በሳሙና አረፋ የራሰ ጨርቅ ይዘው ከቱቦ ቱቦ እየዳበሱ ሄዱ። ከታች በኩል፣ ፋሼታው ከሚያስርበት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣ እጅ እንጂ ዓይን በማይደርስበት ቦታ አረፋው ፈላ።

ማኒኮቶው ሲወጣ የጣት ርዝመት ስንጥቅ ነበረው። ላስቲክ በሙቀትና በዘይት ሃያ ዓመት ከኖረ እንዲህ ነው። እኔን ዝም ያሰኘኝ ግን ስንጥቁ አልነበረም። በዙሪያው ዘይት ጠጥቶ የላላ፣ ጫፉ የተገለበጠ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። ሽማግሌው በጥፍራቸው ላጥ አደረጉትና «ይኼንን የጠመጠመው መካኒክ አይደለም፤ ግን ሰውየው ቦታውን አውቆታል» አሉኝ። ወንድሜ የመጨረሻዎቹን ወራት ገንዘቡን ሁሉ ለመድኃኒት ነበር የሚያወጣው። ከዚያ መኪና ሥር ገብቶ፣ በዚያ በከሳ እጁ ያን ቦታ ዳብሶ እንዴት እንዳገኘው እንጃ። ፕላስተሩን በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለሚስቱ አልነገርኳትም።

አዲሱን ማኒኮቶ ፍለጋ ሶማሌ ተራን አንድ ቀን ሙሉ ዞርኩ። ዋጋው ከለወጥነው ሴንሰር ሩቡን አይሆንም። ሽማግሌው ለድካማቸው የጠየቁኝን እዚህ ብጽፈው ስለሚያሳፍረኝ እተወዋለሁ።

ለመምህሩ ስደውልላቸው ሌላ መኪና ገዝተው ነበር። «ደግ አደረግሽ» ብቻ አሉኝ። መኪናው የተሸጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እሳቸው ሊከፍሉት ከነበረው ባነሰ ዋጋ። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ደግሞ ከዚያ በፊት በብድር ገብቷል፤ በእኔ ስም። የወንድሜ ሚስት ገንዘቡን ቆጥራ ተቀበለችኝና ቡና አፈላች። ስለዚያ ማታ አንዳችን አላነሳንም።

ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት በነበረው እሁድ ሁለቱን ልጆች ኋላ አስቀምጬ እንጦጦ ወጣሁ። ሴቶቹ እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ። ቢጫዋ መብራት አልበራችም። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ነዳጁን ረገጥ ሳደርገው መኪናው ወደ ፊት ወረወረን፤ ትንሿ ጮኸች። ታላቁ እጁን አፏ ላይ አደረገባት።

«ዝም በይ» አላት፣ «እያፏጨ ነው።»