የአል-ኹባ መንገድና የቀጋው ቁራጭ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ለጸሎት ከሚሰጡን የስም ወረቀቶች በብዙዎቹ ላይ ከክርስትናው ስም ቀጥሎ የአገር ስም ተጽፎ እናገኛለን። አንዱ «ሪያድ ያለ» ይላል፤ ሌላው «ጂዳ ያለች»። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን «ጂዛን»፣ «አል-ኹባ»፣ «ድንበር ላይ ድምፁ የጠፋ» የሚሉት በርክተዋል። የሚጸልይ ሰው የሚጸልይለትን ሰው መንገድ ቢያውቅ ልቡናው ይሰበሰባል። ስለዚህ ከዚያ የተመለሱትን ልጆቻችንን እየጠየቅን፣ ከመጻሕፍትም እየተመለከትን ያገኘነውን ልንጽፍላችሁ ወደድን። አገሩን በእግራችን አልረገጥነውም፤ በጆሯችን ግን ደጋግመን ተመላልሰንበታል።

በመጠየቃችን መካከል ያላሰብነውን አንድ ነገር አገኘን። የገዳማችንን ቅጽር ተጠምጥሞ የሚወጣው ቀጋ ከዚያ አገር በላይ ባሉት ደጋዎችም ይበቅላል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ መንገዱና ስለ ቦታው ይናገራል፤ ቀጥሎም ተሳላሚዎች ዘወትር የምትጠይቁንን፣ ቀጋን ከቅርንጫፍ ቁራጭ አሳድጎ መትከልን ይተርካል። ሁለቱ ለምን በአንድ እንደ ተጻፉ በመጨረሻው ይገለጣል።

አል-ኹባ የት ናት?

አል-ኹባ በሳዑዲ ዐረቢያ ደቡብ ምዕራብ፣ በጂዛን ግዛት፣ በየመን ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ከቀይ ባሕር የሚነሣው የጠረፍ ሜዳ አልቆ ተራራው በሚጀምርበት እግር ሥር ተቀምጣለች። አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ብርቱ ነው። ዝናብ በተራራው ላይ ሲዘንብ ደረቁ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ይወርዳል፤ ገበሬውም ያንን ጎርፍ ወደ ማሳው መልሶ ማሽላና ሰሊጥ ያበቅላል። የቆቦን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ የራያ ገበሬም ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውን ያጠጣልና። በአካባቢው ፍል ውኃ አለ፤ ሳምንታዊ ገበያም አለ፤ ከተራራውም ከሜዳውም ሰው ይወርድበታል፣ ይወጣበታል።

ይህች ከተማ ሰላም የበዛላት አይደለችም። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. መጨረሻ የየመን ጦርነት ድንበሩን ተሻግሮ ዱኻን በሚባለው ተራራ ውጊያ በሆነ ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ ቤቱን ትቶ ወደ ኋላ ተነሥቷል። ከመጋቢት 2007 ዓ.ም. ጀምሮም ጠረፉ ዳግመኛ የጦር ቀጣና ሆኗል። እንግዲህ የአል-ኹባ ሰዎች ራሳቸው ስደትን ያውቃሉ።

የልጆቻችን መንገድ ይህን ይመስላል። ከወሎ ደጋና ከራያ ሜዳ ተነሥተው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ በጅቡቲ ኦቦክ ይደርሳሉ። በዚያ በጀልባ ይሳፈራሉ፤ ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ የየመንን ምድር ወደ ሰሜን ተጉዘው ሰዓዳ ይደርሳሉ፤ ከሰዓዳም ወደ ጂዛን ተራሮች ይወጣሉ። ብዙዎች ከዚህ በኋላ ድምፃቸው አይሰማም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በዚያ ድንበር እንደ ተገደሉ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ገልጧል። እናቶች ወረቀቱን ሲሰጡን እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ስለዚህ ነው።

አበባ የሚወድ ሕዝብ

ይሁን እንጂ የጂዛን አገር በአበባ የታወቀ ነው። የሜዳው ሰዎች ፍል የሚባለውን ነጭ፣ መዓዛው የጠነከረ አበባ በጓሮአቸው ይተክላሉ፤ እንቡጡን እየለቀሙ በክር ይሰካሉ፤ ሴቶች ለሠርግ በጠጉራቸው ላይ ያደርጉታል። የተራራው ወንዶችም ከሽቱ ቅጠልና ከአበባ የተጎነጎነ አክሊል በራሳቸው ላይ ያስራሉ። ከአል-ኹባ በስተሰሜን ፈይፋ የሚባል ተራራ አለ፤ ጎኑ ሁሉ እንደ ኮንሶ እርከን ተደርድሮ ይታረሳል። በእነዚያ ተራሮች ቡና ይለማል፤ የኸውላኒ ቡና አለማመድ ጥበብም በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል።

ከፍ እያሉ ወደ ዓሲርና ወደ የመን ደጋ ሲወጡ ዛፉ ሁሉ የቤት ዘመድ ይመስላል። ጽዱ የኛው ጽድ ነው፤ ወይራውም የኛው ወይራ ነው። በመካከላቸውም ነጭ አበባ ያለው፣ እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር የታጠፈ ቀጋ ይገኛል። ሊቃውንተ ዕፀዋት ይህን ተክል ሮዛ አቢሲኒካ ይሉታል፤ ይህም የሐበሻ ጽጌረዳ ማለት ነው። ስሙ በአውሮፓ መጽሐፍ የታተመው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1820 ነው። ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ በአፍሪካ ምድር ሰው ሳይተክለው የሚበቅል ጽጌረዳ እርሱ ብቻ ነው። በሆለታና በዝዋይ ለውጭ ገበያ የሚለሙት ጽጌረዳዎች ሁሉ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው።

ከተራሮቹ ማዶ ናግራን አለች። በ6ኛው መቶ ዓመት የሰማዕታቷ ደም የፈሰሰባት፣ አፄ ካሌብም ባሕር ተሻግሮ የዘመተላት፣ እኛም ኅዳር 26 ቀን በስንክሳር የምናነሣት ከተማ ናት። እንግዲህ ወዲያና ወዲህ ማዶ የተለያዩ አገሮች ቢሆኑም እንግዳ ለእንግዳ አይደሉም። ባሕሩ ለየያቸው፤ ዛፉም ታሪኩም ግን አልተለየም።

ይህንንም ልብ በሉ፤ ቀጋው በዚያም አገር የሚበቅለው በደጋው ላይ እንጂ በአል-ኹባ ሜዳ አይደለም። እያንዳንዱ ተክል ሥር የሚሰድበት የተለየ ቦታ አለው።

ቀጋን ከቁራጭ ስለ ማሳደግ

በገዳማችን አትክልት ቦታ የሚያገለግል አንድ ወጣት አለ። በጂዛን ሜዳ የፍል አበባ ጓሮ ሲንከባከብ ቆይቶ የተመለሰ ነው። ቁራጭ ማሳደግን በዚያ ተማረ፤ እኛም ከአባቶች ከወረስነው ጋር አስተባብረን የሚከተለውን ሥርዓት ይዘናል።

ወራቱ፦ በወሎ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር፣ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ቢሆን መልካም ነው። ቁራጩ ከክረምቱ በፊት ሥር እንዲይዝ ጊዜ ያገኛል።

አቈራረጡ፦ ያረጀ ግንድም፣ ለምለም ጫፍም አይሁን። ዘንድሮ ወጥቶ የጠነከረ፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ይመረጥ። በጧት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በተሳለ ቢላዋ አንድ ስንዝር ያህል ይቈረጥ፤ አራት ወይም አምስት አንጓ ይኑረው። የታችኛው ጫፍ ከአንጓው ሥር ቀጥ ተደርጎ፣ የላይኛው ከአንጓው በላይ ጋደል ተደርጎ ይቈረጥ። እንዲህ ሲሆን ውኃው ከላይ ይንጠባጠባል፤ ታችና ላዩም አይምታታም። የታች ቅጠሎች ይነቀሉ፤ ከላይ ሁለት ብቻ ይቅሩ። ቅጠል የበዛበት ቁራጭ ሥር ሳይኖረው ውኃውን ሁሉ ይተነፍሳልና ይደርቃል።

አተካከሉ፦ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ የጫካ አፈር ቀላቅሎ በችግኝ ከረጢት ወይም ሥሩ በተበሳ ቆርቆሮ ይሞላል። ትኩስ ፍግ አይጨመር፤ ያቃጥላል። ቁራጩ ሁለት እጅ ያህሉ በአፈር ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያው በጣት ተጠቅጥቆ፣ ውኃ ይጠጣ። ከላይ ተሳላሚዎች ጠበል ቀድተውበት የሚጥሉት ሃይላንድ ታችው ተቈርጦ ቢደፋበት እርጥበቱን ይይዝለታል፤ ክዳኑን በየቀኑ ጥቂት ከፍቶ ማናፈስ ነው።

ጥበቃው፦ ጥላ ሥር ይቀመጥ። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ጭቃ አይሁን። ሥር ለማውጣት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በዚህ መካከል የሚበዛው ጥፋት ከውኃ ማነስ አይመጣም፤ ከሰው ችኮላ ይመጣል። ሰዉ «ያዘ ወይስ አልያዘም?» እያለ ይስበዋል፤ በሳበው ቁጥር እንደ ክር የቀጠነው ሥር ይበጠሳል። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ራሱ ይናገራል።

እንቡጡ፦ አንዳንድ ቁራጭ ሥሩ ሳይጸና አበባ ሊያብብ እንቡጥ ያወጣል። የሚያየው ሰው ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ያ አበባ በቅርንጫፉ ውስጥ የቀረውን ስንቅ ጨርሶ ተክሉን ይገድለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው እንቡጥ በጥፍር ይቀጠፍ። ወጣቱ እንደ ነገረን፣ በጂዛን የጓሮው ባለቤት ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረው ይህን ነው።

ወደ መሬት ማዛወር፦ ሥር የያዘው ችግኝ ከጥላው በአንድ ጊዜ አይወጣም። በመጀመሪያ የጧት ፀሐይ ብቻ፣ ቀጥሎ እስከ ቀትር፣ እያለ ሁለት ሳምንት ያህል ይለማመድ። ሰኔ ማብቂያ ላይ መሬቱ ሲጠግብ ክንድ የሚያህል ጥልቀትና ስፋት ያለው ጉድጓድ ተቈፍሮ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። ከግንቡ ሁለት ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ግንብ ሥር ዝናብ አይደርስምና። ችግኙ ወደ ግንቡ ዘንበል ብሎ ይተከል። ዙሪያው ከፍየል ይታጠር።

አወጣጡ፦ ቅርንጫፎቹ ሲረዝሙ ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዲሮጡ አንተዋቸውም። ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ አበባውን በጫፉ ብቻ ይሰጣል፤ ወደ ጎን ጋደም ተደርጎ በቅጽሩ ላይ የታሰረው ግን ከየአንጓው አጫጭር ቅርንጫፍ አውጥቶ በርዝመቱ ሁሉ ያብባል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከደረቀው በቀር አይገረዝም። ኋላ ነጩን አበባ፣ ከአበባውም በኋላ ሕፃናት የሚወዱትን ቀይ ፍሬ ይሰጣል፤ እሾሁም ለአትክልቱ ቦታ ጠባቂ ይሆናል።

ጽጌና ስደት

አሁን የሁለቱን ነገር መገናኛ እንናገር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ወራት ዘመነ ጽጌ ይባላል። ምድር በአበባ የምታጌጥበት ይህ ጊዜ እመቤታችን ልጇን አዝላ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያም ነው። አባ ጽጌ ድንግል የደረሰው ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆመው በዚሁ ወራት ነው። አበው የአበባን ወራትና የስደትን ነገር በአንድ ማድረጋቸው እንዲያው አይደለም። የተሰደደ ሰው ከእናቱ ግንድ የተቈረጠ ቅርንጫፍ ነው፤ መቈረጡ ሕመም ነው፤ መቈረጥ ግን ሁልጊዜ ሞት አይደለም።

ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ መመለሱ አልተቋረጠም። የተመለሰ ልጅ ሁለተኛ የተቈረጠ ቁራጭ ነው፤ ከሄደበት ተነቅሏል፤ በተወለደበትም ገና አልያዘ። እኛ ግን ከመኪና በወረደ ዕለት «ምን ይዘህ መጣህ?» እንለዋለን። አበባ የምንጠይቀው ሥር ሳያወጣ ነው።

ያ ወጣት ለመንገዱ አባቱ በሬ ሸጠውለት፣ ከዘመድም ብር ተበድረውለት ነበር። ባዶ እጁን ሲመለስ ጎረቤቱ ጠየቀው፤ ባለዕዳው ጠየቀው፤ በመጨረሻም አባቱ ዝም አሉት፤ ዝምታው ከጥያቄው ከበደበት። በወሩ ዳግመኛ ለመሄድ ተነሥቶ ሳለ ከእናቱ ጋር ሊሳለም ወደ ገዳማችን መጣ፤ እኛም «ክረምቱን ብቻ ከአትክልቱ ጋር ቆይ» አልነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ስለ መሄድ ማሰቡን ተወ አንልም፤ የልቡን እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬ ግን 40 የቀጋ ችግኞች በእጁ አድገው ቆመዋል፤ ከሽያጩም ጥቂት ጥቂት ለባለዕዳው ይከፍላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ሲመለስ ጥላ ሁኑት። ዕዳው ካለ ባለዕዳውን እናንተ ቀድማችሁ አነጋግሩት፤ አንድ ክረምት እንዲታገሥ ለምኑት። ልጁን በየጊዜው እየሳባችሁ «ያዝህ ወይ?» አትበሉት። የሠርጉንና የቤት ክዳኑን ነገር ለጊዜው ቅጠፉት። ለመሄድ የምታስቡ ልጆችም፤ የአል-ኹባ ሜዳ መልካም አበባ የሚያውቅ ሕዝብ የሚኖርበት ነው፤ በስውር በድንበሩ ለሚያልፍ ግን ሥር የሚሰድድበት አፈር አይደለም።

ለዘመነ ጽጌ የምትመጡ ተሳላሚዎች ችግኙን በምሥራቁ በር በኩል ካለው አትክልት ቦታ ታገኛላችሁ። ሥሙ የጠፋባችሁ፣ ድምፁ የራቀባችሁ ልጅ ካለ በስሙ አንድ ቀጋ ትከሉለት፤ የክርስትና ስሙንም ለእኛ ስጡን፤ በጸሎት እናነሣዋለን፤ ችግኙንም እናጠጣዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።