ሎውንደስ ላይ የፈረሰው ስምምነት

በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት ሎውንደስ የሚባል ካውንቲ አለ። ነዋሪው አሥር ሺህ ግድም ሲሆን ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ጥቁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የመምረጥ መብት የጠየቁት ሰልፈኞች ከሴልማ ተነሥተው ሞንትጎመሪ የገቡት ይህን ካውንቲ አቋርጠው ነው። ያ ዓመት ሲጠባ በሎውንደስ በመራጭነት የተመዘገበ አንድም ጥቁር አልነበረም። ለመመዝገብ የደፈሩ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተባርረው ከአውራ ጎዳናው ዳር በድንኳን ኖረዋል። ድምፁን እንዲህ ባለ ዋጋ ያገኘ ሕዝብ፣ ዛሬም ከመጸዳጃ ቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ ከጓሮው ሲተኛ ያያል።

የችግሩ አንዱ ሥር አፈሩ ነው። መረሬ መሬት ያረሰ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ይዞ አልለቅም ይላል። የሎውንደስም አፈር ከዚያው ወገን ነው። ሴፕቲክ ታንክ ደግሞ ያለ አፈሩ እገዛ አይሠራም። ታንኩ ጠጣሩን ያስቀራል፤ ፈሳሹ ቀዳዳ ባላቸው ቱቦዎች ወደ መሬት ሰርጎ አፈሩ ያጣራዋል። አፈሩ እምቢ ሲል ግን ፍሳሹ ተመልሶ ይመጣል፤ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር በመታጠቢያ ገንዳው በኩል ቤት ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ ነው የጤና ቢሮው የሚመጣው። ከከተማ የፍሳሽ መስመር የራቀ ቤት ሴፕቲክ ለመትከል ከካውንቲው ጤና ቢሮ ፈቃድ ማውጣት አለበት። አፈሩ ይመረመራል፤ ተራው ታንክ አይሆንም ይባላል። የሚፈቀደው በመሐንዲስ የተነደፈ፣ አፈር ከላይ ተቆልሎ የሚሠራ ውድ ዓይነት ነው፤ ዋጋውም አሥር ሺህ ዶላርን በብዙ ያልፋል። ወጪው የባለቤቱ ነው። በአሮጌ ተንቀሳቃሽ ቤት የምትኖር ጡረተኛ ይህን ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ብዙ ሰው ከመጸዳጃው አንድ ቱቦ ስቦ ፍሳሹን ወደ ሜዳው ለቀቀው።

ሕጉ የመለሰላቸው መልስ ክስ ነበር። የተፈቀደ ሴፕቲክ ሳይኖር መኖር በአላባማ ወንጀል ነው። ሰዎች በገንዘብ ቅጣትና በእስራት ዛቻ ተሳቀዋል፤ በንብረታቸው ላይ ዕዳ የሚያስመዘግብ አሠራርም ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ መሥሪያ ቤቱ አለማየቱ አይደለም፤ አይቷል። የትኛው ቤት ፍሳሹን ሜዳ ላይ እንደሚለቅ ሄዶ አረጋግጧል፣ መዝግቧል። ያን ሁሉ ዕውቀት ያዋለው ግን ድሃውን ለመቅጣት ነው። ፈቃድ የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን የያዘ ቢሮ፣ የከለከለው ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ የሥራው አካል መሆን ነበረበት።

የካውንቲው ልጅ ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ ይህን ጉዳይ ለዓመታት ተሸክማ ዞረች። በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የከፋ ድህነት ልዩ ዘጋቢ የነበሩት ፊሊፕ አልስተን መጥተው በዓይናቸው አዩ። በ2020 መጽሐፏን አሳተመች። በ2021 የፌዴራሉ ፍትህ ሚኒስቴር ምርመራ ከፈተ፤ ጥያቄው የግዛቲቱና የካውንቲው ጤና ቢሮዎች ጥቁር ነዋሪዎችን በዘራቸው በድለዋል ወይ የሚል ነበር፣ መሠረቱም የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ።

ከዚያ ግንቦት 2023 መጣ። የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት ጥፋቱን ሳያምን ስምምነት ፈረመ፤ ሚኒስቴሩም በለውጡ ምርመራውን አቆየ። በስምምነቱ መሠረት ሴፕቲክ መግዛት ያልቻለን ሰው መክሰስና ንብረቱን በዕዳ መያዝ ቆመ። መሥሪያ ቤቱ የየቤቱን ሁኔታ ሊያጠና፣ ለጤና ይበልጥ አስጊ የሆነውን ሊያስቀድም፣ ከነዋሪው ጋር እየተመካከረ የማሻሻያ ዕቅድ ሊያወጣ ግዴታ ገባ። ለቅጣት ሲዞር የኖረው ያ ቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥገና እንዲዞር በጽሑፍ ታዘዘ። አገሪቱ በሲቪል መብት ሕግ እንዲህ ያለ የአካባቢ ፍትህ ስምምነት ስትፈርም የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ችግሩ ታውቋል፣ ኃላፊው ተለይቷል፣ ፊርማው አለ፣ የፌዴራል ገንዘብም መምጣት ጀምሯል።

ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሚያዝያ 2025 አዲሱ አስተዳደር ስምምነቱን አፈረሰው። ምክንያቱ ብዝኃነትንና አካታችነትን የሚመለከቱ ፕሮግራሞችን የማስቆም የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ነው ተባለ። በስምምነቱ የተጻፈው ስለ ታንክ፣ ስለ ቱቦ፣ ስለ ቅጣት መነሣት ነበር። ማን ቀድሞ ይጠገንለት የሚለው እንኳ በጤና ስጋት የሚወሰን ነበር፤ ይህን ያነበበ ሰው እንዴት ብሎ ሌላ ስም እንደሰጠው አይገባኝም፣ ይቆጨኛልም።

ይበልጥ የሚቆጨኝ ልውውጡ ነው። ሕዝቡ ምርመራው እስከ መጨረሻ ሄዶ ውጤቱን እንዲያይ ዕድል ነበረው። ያ ቆይቶ በምትኩ ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱም ሲነጠቅ ሁለቱንም አጣ፤ ምርመራው አልተጠናቀቀም፣ ስምምነቱም አልጸናም። ስምምነቱ በፍርድ ቤት ውሳኔ ቢታሰር ኖሮ አንድ ማስታወቂያ ብቻ ባላፈረሰው ነበር። ያን ጊዜ ይህን አጥብቆ የጠየቀ ቢኖርስ! ሥልጣን በአራት ዓመት እንደሚለዋወጥ ለማንም ያልተሰወረ ነገር ነው።

ግዛቲቱ ደግሞ የተመደበው ገንዘብ እስኪያልቅ ሥራውን እቀጥላለሁ ብላለች። ጥሩ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ታንክ የተተከለላቸው ቤተሰቦች ዛሬ ጓሯቸው ደርቋል። ነገር ግን ገንዘቡ ሲያልቅ ተራው ያልደረሰው ቤት ወዴት ይሂድ? አላባማን ያስገደዳት ፊርማ ነበር። አሁን የቀረው የባለሥልጣናቱ በጎ ፈቃድ ነው፤ ሎውንደስ ደግሞ ያን በጎ ፈቃድ በመጠበቅ ስንት ዓመት እንደኖረች ሁላችንም እናውቃለን።