የደረጃው መብራት

ቍጠባ መልካም ነገር መሆኑን የማያውቅ የቤተ ሰብ አባት የለም፤ ዳሩ ግን የሚቈጥበውን ነገር ሳይመዝን የሚቈጥብ ሰው የገዛ ቤተ ሰቡን ሊጐዳ እንደሚችል እኔ ዘግይቼ የተማርሁት እናቴ እጇን በተሰበረች ጊዜ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ በተከራየነው ቤት ውስጥ እያንዳንዳቸው ባለ 60 ዋት የሆኑ ስድስት ባለ ክር አምፖሎች ነበሩ። የመብራት ሒሳብ በመጣ ቍጥር ወረቀቱን ይዤ በየክፍሉ ስዞር ከቈየሁ በኋላ «ሰው ያልተቀመጠበት ቦታ መብራት አይብራ» የሚል ደንብ አወጣሁ። ልጆቹ ደንቡን ይረሱት ነበር፤ ባለቤቴም ስቃ ታልፈው ነበር፤ ጠብቃ የፈጸመችው እናቴ ብቻ ናት።

ከቤታችን ወደ ማድ ቤት የሚያወርዱ ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። አንድ ቀን ማታ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ እናቴ መብራቱን ሳታበራ ስትወርድ እግሯን አዳለጣትና ወደቀች። ሮጠን ስናነሣት የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል። «ስለ ምን ሳታበሪው ወረድሽ?» ብላት፣ «ቈጣሪው እንዳይቈጥርብህ ብዬ ነው፣ ልጄ» አለችኝ።

እጇ በጀሶ ታስሮ በተቀመጠችባቸው ሳምንታት፣ ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን ሒሳብ እርሳስና ወረቀት ይዤ አደረግሁ። ያ የደረጃ አምፖል በየማታው ግማሽ ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን የሚፈጀው አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3500 ዋት ያህል ይስባል፤ ስለዚህ ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚወስደውን ኃይል ያ አምፖል በሦስት ወር እንኳ አይጨርሰውም። በምጣዱ ላይ ደንብ አላወጣሁም፤ እንጀራ እወዳለሁና።

ኤል ኢ ዲ ስለሚባለው አምፖል ያስረዳኝ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ጎረቤቴ ነው። ባለ ክሩ አምፖል የተንግስተን ክር አግሎ ስለሚያበራ፣ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በኤል ኢ ዲ ውስጥ ግን ኤሌክትሪኩ በአንዲት ትንሽ የሴሚኮንዳክተር ፍሬ ሲያልፍ ብርሃን ይወጣል። አስቀድሞ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጡ ፍሬዎች ነበሩ፤ ለቤት የሚሆን ነጭ ብርሃን የተገኘው ግን ሰማያዊው ከተሠራ በኋላ ነው። ስለዚሁ ሥራቸው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እንግዲህ ባለ 9 ዋቱ ኤል ኢ ዲ የባለ 60 ዋቱን ያህል ያበራል። ስድስቱ አምፖሎቻችን በየማታው አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 54 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጁት፣ ቢለወጡ 8 ያህል ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ሰምቼም ቢሆን የንፍገት ጠባዬ ወዲያው አልለቀቀኝም፤ ከመንገድ ዳር ርካሾቹን ገዛሁ። ሁለቱ ወር ሳይሞላቸው ጠፉ። ጎረቤቴ ፈትቶ ሲያሳየኝ የሚያበሩት ፍሬዎች ደኅና ነበሩ፤ የተቃጠለው ከሥራቸው ያለው የኃይል ማስተካከያ ነው። እርሱንም ሙቀት እንደሚጐዳው፣ ስለዚህ አየር በማያስገባ የመስተዋት ክዳን ውስጥ አምፖሉን ማፈን ደግ እንዳልሆነ ነገረኝ። ደግሞም የገዛኋቸው 6500 ኬልቪን የተጻፈባቸው ነጫጭ ነበሩና እናቴ ቀና ብላ አይታ «ይህስ የሐኪም ቤት መብራት ነው» አለች። ለመኝታ ቤቶቹ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ባለ 2700 ኬልቪን ዋስትና ካለው ሱቅ ገዛሁ።

የደረጃው አምፖል አሁን ከምሽት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ይበራል፤ በወር የሚወስደውም ከሦስት ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህን ለእናቴ ደጋግሜ አስረድቻታለሁ። እርሷ ግን አሁንም ከማድ ቤት ስትመለስ፣ የመጨረሻውን ደረጃ እንደ ወጣች፣ እጇን ዘርግታ ታጠፋዋለች፤ እኔም እስክትተኛ ጠብቄ እወጣና አበራዋለሁ።