ራያን የፈረንጅ ስም ነው?

ድሮ ያስተማርኩት ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ልጄን ራያን አልኩት። አባቴ ግን የፈረንጅ ስም በቤቴ አይጠራም ብለው ተቆጡ። ሮባ ካልተባለ አላቅፈውም ብለዋል፤ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። እውነት የፈረንጅ ነው እንዴ?» ገጽህ ላይ መልስልኝ ስላለ እዚሁ ልመልስ።

የፈረንጅ ራያን አለ፣ አልክድም። አየርላንዳዊ ነው። እዚያ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ነበር፤ ቲፐረሪ በሚባለው አካባቢ እስከ ዛሬ በብዛት ይገኛል። ለወንድ ልጅ መጠሪያ ሆኖ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ሪ» በአይሪሽ ቋንቋ ንጉሥ ስለሆነ ብዙዎች «ትንሹ ንጉሥ» ብለው ይፈቱታል። የሆሊውድ ራያኖች ከዚያ የመጡ ናቸው።

የአንተ ልጅ ስም ግን ሌላ ነው። ድምፁ ተመሳሰለ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የአረብኛው ራያን «ያ»ው ይጠብቃል፤ ጠጥቶ የረካ፣ ጥሙን የቆረጠ ማለት ነው። ተቃራኒው ዐጥሻን ነው፣ የተጠማ። በሐዲስ ደግሞ ከጀነት በሮች አንዱ አር-ራያን ይባላል፤ በሱ የሚገቡት ጾመኞች ብቻ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ተጠምቶ ለዋለ ሰው ከዚህ የተሻለ የበር ስም ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ አባትህ ልምጣ። ሮባ በኦሮምኛ ዝናብ ነው። በ2004ቱ የለንደን ኦሎምፒክ በ3000 ሜትር መሰናክል 4ኛ የወጣውን ሮባ ጋሪን የምታስታውሱት ትኖራላችሁ (ውኃ የሚዘለልበት ሩጫ መሆኑ ሁሌ ያስቀኛል)። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ሮብሌ ይላሉ፤ «ሮብ» ዝናብ፣ «ሌ» ባለ፣ ባለ ዝናብ እንደማለት። አማርኛውም ዝናቡ አለው። ሦስቱንም በአንድ ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ አግኝቻቸው አውቃለሁ። በወሰን ስንጣላ በከረምንባቸው ዓመታት እንኳ ኦሮሞውም ሶማሌውም ልጁን የሚጠራው በአንድ ቃል ነበር። ሁለቱም የኩሽ ቋንቋዎች ናቸው፤ ዝናቡን ያወረሳቸው አንድ ቤት ነው።

የ2008ቱን ድርቅ ሚኤሶ ሆኖ ያሳለፈ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ስም ለምን ይወጣል ብሎ አይጠይቅም። እኛ ባዶ ወንበር እያየን ነበር የምናስተምረው። ልጆቹ ጄሪካን ይዘው ውኃ ፍለጋ ሄደዋል። አባትህ በዚያ ዓመት ምን ያህል ከብት እንዳለቀባቸው አንተው ነህ የነገርከኝ፤ አሥረኛ ክፍል ነበርክ። እና ሮባ ሲሉ ግትር ሆነው አይመስለኝም። እሳቸው የሚለምኑት ዝናቡን ነው፤ አንተ ያወጣኸው ከዘነበ በኋላ ያለውን እርካታ። ልጁን ይዘህ ሂድና ይህንኑ በኦሮምኛ ንገራቸው፣ በስልክ እንዳታደርገው። እሳቸው ሮባ እያሉ ቢጠሩትስ? የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም ያለው ልጅ በሰፈራችን ሞልቷል።

የልደት ምስክር ወረቀት ስታወጣ ግን በቁቤ «ዋይ»ዋን ሁለት ጊዜ አስጽፋት። አንዱ መዝገብ ላይ እንደ ፊልሙ፣ ሌላው ላይ እንደ አረብኛው ከተጻፈ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ጣጣ ነው። በአንዲት ፊደል የተነሳ ከወረዳ ዞን የሚመላለሱ ተማሪዎች በየዓመቱ አያለሁ።