የአደራ ቤት በብሩዥ ከተማ

ባገራችን የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፣ የቤቱ ጌታ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ መቀበሉ ከአባቶቻችን የወረስነው ማለፊያ ልማድ ነው። በዚህ መስተንግዶ ውስጥ የገንዘብ ነገር አይነሣም። ስለዚህም በገንዘብ የሚታደርበት ቤት ሲነሣ፣ ሆቴል አልጋና ቍርስ ከመሸጥ በቀር ሌላ ቁም ነገር የለውም የሚል ሰው ብዙ ነው። ባለፈው ጥቅምት ወር እኛ ባልና ሚስት በቤልጂግ አገር፣ ብሩዥ በምትባል ጥንታዊት ከተማ ሁለት ሌሊት አድረን የተመለከትነው ነገር ግን ለዚህ አሳብ መልስ የሚሆን ስለ መሰለን፣ ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወደ ብሩዥ የሄድነው ከብራስልስ ተነሥተን ነው። ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ሦስት ቀን ሲቀረን፣ በዚያ የሚኖሩ ያገራችን ልጆች መሄዳችንን ሰምተው መጡ። በውጭ አገር የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወዳገር የሚገባ ሰው ሻንጣ የራሱ ብቻ አይደለም። አንዱ ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት፣ አንዲቱ ለታናሽ እኅቷ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሌላው ለአባቱ መነጽር፣ እንዲሁ እያንዳንዱ በየፖስታውና በየጥቅሉ ላይ ስምና የስልክ ቍጥር እየጻፈ «አደራ» እያለ አስረከበን። ሁሉም ሲቈጠር 17 ሆነ። አደራውን ለሌላ ሰው ትቶ መሄድ ስላልወደድን፣ ሁሉንም በአንዲት ትንሽ ሻንጣ ውስጥ አድርገን ብሩዥ ድረስ ይዘነው ሄድን።

ከተማዪቱ ከብራስልስ በባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት። በደረስን ጊዜ መሽቶ ነበር፤ ካፊያም ይጥል ነበር። ቤቶቿ በአብዛኛው ከጡብ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የፊት ግንባቸው እንደ ደረጃ እየተቈረጠ ወደ ላይ ይጠባል። በመካከላቸው ውሃ የሞላባቸው ቦዮች እየተጠማዘዙ ያልፋሉ፤ በቦዮቹም ላይ የድንጋይ ድልድዮች ተሠርተዋል። የመብራቱ ብርሃን ከውሃው ላይ ሲያርፍ፣ ከተማዪቱ ሁለት ሆና አንዲቱ ከላይ አንዲቱ ከታች የቆመች ትመስላለች።

ሆቴላችን በአንድ ቦይ ዳር የሚገኝ፣ ስምንት ክፍል ብቻ ያለው አሮጌ ቤት ነው። የውስጥ ደረጃው የእንጨትና እጅግ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ፣ ሻንጣ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ትንሽ ፈተና አለው። ባለቤቲቱ ዕድሜያቸው ሰባ ያህል የሚሆን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ክፍሉ ንጹሕ፣ አልጋውም የሚመች ነበር፤ ነገር ግን የበሩ ቍልፍ አልሠራ አለ። የሚጠግነው ሰው በዚያ ሌሊት አይገኝም፤ ሌላ ባዶ ክፍልም አልነበረም። ሴትዮዋ እጅግ አዘኑና፣ «በሻንጣችሁ ውስጥ ሊጠፋ የማይገባው ነገር ይኖራልን?» ብለው ጠየቁን። የራሳችን ያልሆነ፣ ሰዎች ለቤተ ሰቦቻቸው እንድናደርስላቸው የሰጡን ዕቃ እንዳለ ነገርናቸው።

እርሳቸውም ሁለተኛ ቃል ሳይናገሩ ከታች ባለው ትንሽ ክፍል ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጡን። ጥቅሉን ሁሉ አንድ ባንድ አወጡ፤ አንዱንም ሳይከፍቱ ቈጠሩ። ከዚያም በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ዐይነት ዝርዝር ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች ጻፉ። እኛም እርሳቸውም ከሁለቱ ላይ ፈረምን። ወረቀቱን በመካከል ላይ በእጃቸው ቀደዱና ግማሹን ለእኛ ሰጡን። «በውስጡ ያለውን ማወቅ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ቍጥሩን ማወቅ ግን የእኔ ሥራ ነው» አሉን። ሻንጣዪቱን በግድግዳው ውስጥ በተሠራው የብረት ሣጥን አስገብተው ቈለፉ። እኛ ግን እውነቱን ለመናገር በዚያ ሌሊት እንቅልፋችን የተመላ አልነበረም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ያገራችን ቃል በጆሯችን ያቃጭል ነበር።

በማግሥቱ ከተማዪቱን ስንዞር፣ ያ የወረቀት ቅዳጅ ከየት የመጣ ልማድ እንደ ሆነ ማስተዋል ጀመርን። በ1134 ታላቅ ማዕበል የባሕሩን ዳርቻ ሰብሮ ዝዊን የሚባለውን የባሕር ሰርጥ ስለ ከፈተ፣ ብሩዥ ከባሕር ጋር ተገናኘች። ከእንግሊዝ አገር የበግ ጠጕር ይመጣል፤ ከፍላንደርስ ከተሞች የተሸመነ ልብስ ይወጣል። በ1277 ደግሞ የጄኖቫ መርከቦች ከሜዲቴራኒያን ባሕር ተነሥተው ደረሱባት። የጀርመን፣ የቬኔስያ፣ የፊሬንሴና የእስጳንያ ነጋዴዎች በየቋንቋቸው እየተነጋገሩ በአንዲት ከተማ ተሰበሰቡ።

እንግዲህ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች እንደ ምን አድርገው ይነግዱ? ድልድይ የሆኗቸው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ናቸው። በብሩዥ የእንግዳ ቤት ያለው ሰው አልጋና ምግብ ሰጥቶ ብቻ አይለቅም። የነጋዴውን ዕቃ በምድር ቤቱ ያስቀምጥለታል፤ ገንዘቡን ከገንዘብ ለዋጩ ዘንድ በስሙ ያስመዘግብለታል፤ ገዥና ሻጭ ያገናኛል። እንግዳው ዕዳ ቢኖርበት ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ዋስ ሆኖ ይጠየቅበታል። የማረፊያ ቤት ጌታ ቃሉን ካጠፈ፣ ነጋዴው ሁሉ ያንን ደጃፍ ይሸሻል። ውል ሲዋዋሉም ቃሉን በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ጽፈው በመካከል እያጣመሙ ይቈርጡትና ለሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሹን ያድሉ ነበር። ክርክር ቢነሣ ሁለቱ ቅዳጆች ሲገጠሙ እውነቱ ይገለጣል።

ከእነዚህ የእንግዳ ቤቶች አንዱ በ13ኛው ምእተ ዓመት የቫን ደር ቡርስ ቤተ ሰብ ማረፊያ ነበር። በዓርማቸው ላይ ሦስት ቦርሳዎች ተሥለው ይታዩ ነበር ይባላል። በቤቱ ፊት ባለው አደባባይ ነጋዴዎች እየተሰበሰቡ ስለ ሸቀጥ ዋጋና ስለ ገንዘብ ምንዛሪ ይነጋገሩ ስለ ነበረ፣ «ወደ ቡርስ እንሂድ» ማለት «ወደ ገበያው እንሂድ» ማለት ሆነ። በ1531 በአንትዌርፕ ለዚሁ ጉዳይ ታላቅ ሕንፃ ሲሠራ ስሙ አብሮ ተሻገረ፤ ፈረንሳዮቹ፣ ጀርመኖቹ፣ መስኮቦቹም የአክሲዮን ገበያን በዚሁ ስም ይጠሩታል። ጣልያኖች ቦርሳ በሚሉት በአንድ ቃል ሁለቱንም፣ የገንዘብ መያዣውንም የአክሲዮን ገበያውንም ይሰይማሉ፤ እኛም ቦርሳ የምንለውን ቃል የወሰድነው ከእነርሱ ነው። በ2025 በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የሩቅ ዘመዱ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ደጃፍ ላይ መገኘቱ ያስደንቃል። የቡርሶች ቤት ዛሬም በመንገዱ ዳር ቆሞ ይታያል።

ከዚያ ወጥተን 83 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ከተማዪቱ የደወል ግንብ ሄድን። ደረጃዎቹ 366 ናቸው፤ ከላይ 47 ደወሎች ተሰቅለዋል። እኛን ከደወሎቹ ይልቅ የማረከን ግን በደረጃው መካከል የሚገኘው የመዝገብ ክፍል ነው። የከተማዪቱ የነጻነት ደብዳቤዎችና ማኅተሞች በዚያ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። መቈለፊያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ቍልፎቹም በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ የተከፋፈሉ ስለ ነበሩ፣ ሁሉም ሳይሰበሰቡ አንዱ ብቻውን ሊከፍተው አይችልም። የጥንት ሰዎች ሰውን ስላላመኑ ይህን አላደረጉም፤ የታመነው ሰው ከሐሜትና ከፈተና እንዲጠበቅ ብለው እንጂ።

ከሰዓት በኋላ በእመቤታችን ስም ወደ ተሰየመው ቤተ ክርስቲያን ገባን። በዚያ ሚኬል አንጀሎ ከነጭ እብነ በረድ የቀረጸው፣ እመቤታችን ከልጇ ጋር የምትታይበት ሐውልት አለ። የብሩዥ ነጋዴዎች ገዝተው ያመጡት ነው። በ1794 የፈረንሳይ ጦር ወደ ፓሪስ ወሰደው፤ ናፖሌዎን ድል ከሆነ በኋላ ተመለሰ። በ1944 ደግሞ የጀርመን ወታደሮች ሲሸሹ በፍራሽ ጠቅልለው ወሰዱት፤ በ1945 በአውስትሪያ ከአንድ የጨው ማዕድን ዋሻ ውስጥ ተገኝቶ እንደ ገና ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ተወስዶ ሁለት ጊዜ ወደ ቦታው የተመለሰውን ይህን ሐውልት ቆመን ስናይ፣ በብረት ሣጥን ውስጥ የተውናቸው 17 ጥቅሎች ከልባችን አልጠፉም።

በአቅራቢያውም በ12ኛው ምእተ ዓመት የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ሆስፒታል አለ። ሕሙማንን ብቻ ሳይሆን ድሆችንና መንገደኞችንም ይቀበል ነበር፤ በዚያው ግቢ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሕክምና ሲሰጥ ከቈየ በኋላ ሙዚየም ሆኗል። ሆቴልና ሆስፒታል የሚባሉት ሁለቱ ስሞች፣ እንግዳ ከሚለው ከአንድ የላቲን ቃል የመጡ ወንድማማች ናቸው። ለደከመውም ለታመመውም በር መክፈት በጥንቱ ሰው ዘንድ አንድ ሥራ ነበረ።

ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ በአሸዋ እየተደፈነ ሲሄድ ንግዱ ወደ አንትዌርፕ ዞረ። ብሩዥም ድኻ ሆነች፤ በ19ኛው ምእተ ዓመት መካከል ከቤልጂግ ድኻ ከተሞች አንዷ ነበረች። አሮጌዎቹን ቤቶች አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ዐቅም አለማግኘቷ ግን ጥንታዊ መልኳን ጠበቀላት። ዛሬ ይህንኑ ለማየት በየዓመቱ ሚሊዮኖች ይመጣሉ። ረግጦ የሚያልፈው ሕዝብ እጅግ ስለ በዛባት፣ አስተዳደሯ በ2019 የቀን ጐብኝዎችን የሚጠራ ማስታወቂያ እንዲቀነስ ወሰነ። የምትፈልገው ቈይቶ የሚያድረውን እንግዳ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከጧቱ ሁለት ሰዓት በሚነሣው ባቡር ለመሄድ ተዘጋጅተን ስንወርድ፣ የሆቴሉ ባለቤት አልነበሩም። እኅታቸው በሌሊት ታመው ወደ ሐኪም ቤት መሄዳቸውን ቍርስ የምታቀርበው ልጅ ነገረችን። ስለ ብረት ሣጥኑ ብንጠይቃት ምንም አታውቅም። የእኛ ሁኔታ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምተው። የ17 ቤተ ሰብ ተስፋ በግድግዳው ውስጥ ተቈልፎ፣ እኛ ከውጭ ቆመናል።

ጥቂት ቈይቶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ጋጋሪ፣ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ቍልፍና ግማሽ ወረቀት ይዞ መጣ። ሴትዮዋ በሌሊት ሲወጡ ቤቱን ቀስቅሰው አደራውን ለእርሱ አስተላልፈው ኖሯል። እኛም ደስ ብሎን ወደ ሣጥኑ ስናመለክት፣ ሰውዬው እጁን ዘርግቶ «ግማሹ ወረቀት የታለ?» አለን። ባቡሩ ሊነሣ መሆኑን ነገርነው። «እኔ እናንተን አላውቃችሁም፤ ይህን ወረቀት ግን አውቀዋለሁ» ብሎ መለሰ። ቅዳጁን ከካፖርት ኪስ አውጥተን ሰጠነው። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አቀራርቦ ገጠማቸው፤ ጥርሳቸው ልክ ገባ። ከዚያ በኋላ ነው ሣጥኑን የከፈተው። ጥቅሉን አንድ ባንድ እያወጣ 17 ድረስ ቈጠረ፤ እኛም እንድንቈጥር አደረገ፤ መቀበላችንን አስፈረመ። በመጨረሻም ሁለት ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠንና ወደ ምድጃው ተመለሰ።

ያ ባቡር አመለጠን። በሚቀጥለው ባቡር ተቀምጠን ዳቦውን ስንቈርስ፣ የሰውዬው ግትርነት ለእኛ የተደረገ አክብሮት መሆኑ ታየን። ፈገግ ብሎ ሣጥኑን ቢከፍትልን ኖሮ እኛ ደስ ይለን ነበር፤ ነገር ግን ለእኛ በቀላሉ የከፈተ ለሌላውም በቀላሉ ይከፍታል። ቸርነት እንግዳን በር ከፍቶ ያስገባል፤ አደራ ግን ቈጥሮ መቀበልን፣ ቈጥሮ መመለስን ይፈልጋል። ባገራችን «ከወንድሜ ጋር እንዴት እቈጣጠራለሁ?» እየተባለ በይሉኝታ የታለፈ ስንት አደራ በኋላ ቤተ ሰብ እንዳለያየ የማያውቅ የለም።

አዲስ አበባ ገብተን ጥቅሎቹን ለየባለቤቶቹ አደረስን። የመጨረሻው የደም ግፊት መድኃኒቱ ነበር። እናቲቱ ጥቅሉን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አድርገው መረቁን። «እማማ፣ እባክዎ ይክፈቱትና ይቍጠሩት» አልናቸው። «ልጄ የላከው፣ እናንተ ያመጣችሁት ይቈጠራልን?» ብለው ተቈጡን። እኛም እንቢ ብለን ቆምን። እያጕረመረሙ ከፈቱት፤ ስድስት ካርቶን ሆነ። ከሥር ልጃቸው የጻፈው ትንሽ ደብዳቤ ተጣጥፎ ተገኘ፤ እኛም እርሳቸውም መኖሩን አላወቅንም ነበር። መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ቡና አፍልተው አስቀመጡን።