አንቀጽ 17 እና የሸክላ ሠሪዋ ቅል

የሀገራችን ሰው «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፥ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» እያለ ሲተርት የኖረው፥ ፍርድን ከሀብቱ አብልጦ የሚወድ መሆኑን ለመግለጽ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ ሲባል ማን አወጣው፥ እነማንስ ተከራከሩበት፥ ከወጣስ በኋላ እስከ የት ይደርሳል ብሎ መጠየቅ የሚገባ መሆኑን እኔ የተረዳሁት በልጅነቴ ከአንድ የሕንድ መምህር ነው።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 1950ዎቹ ሊያልቁ የተቃረቡበት ነበር። በዚያን ዘመን ብዙ የሕንድ መምህራን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ እንደ ነበር በዕድሜ የገፋ አንባቢ ሁሉ ያስታውሰዋል። የእኛ መምህር ታሪክ አስተማሪ ሲሆኑ፥ የሀገራቸውን ነገር ባነሡ ቁጥር ከጦር ሜዳ ድል ይልቅ ስለ አንድ ጉባኤ መናገር ይወዱ ነበር። እርሳቸው ያቀመሱኝን በኋላ ዘመን በመጻሕፍት ተከታትዬዋለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሕንድ ሕገ መንግሥት መሥራች ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደልሂ ላይ የተሰበሰበው ታኅሣሥ 9 ቀን 1946፥ ሀገሪቱ ነፃነቷን ሳታገኝ ነበር። አባሎቹ የተመረጡት በየክፍላተ ሀገሩ ምክር ቤቶች ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ ሁሉ በቀጥታ ድምፅ ሰጥቶ የላካቸው አልነበሩም። የሙስሊም ሊግ ማኅበርም ከስብሰባው ቀረ። ነሐሴ 1947 ነፃነት ሲመጣ ሀገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ሚሊዮኖች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። ጥር 30 ቀን 1948 ማኅተማ ጋንዲ በጥይት ተገደሉ። ከዚህ ሐዘን በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፥ የካቲት 21 ቀን የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለጉባኤው ሊቀ መንበር ለራጀንድራ ፕራሳድ ቀረበ። ቤት በሚቃጠልበት ሰዓት ተቀምጦ የአዲስ ቤት መሠረት መለካት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው።

ረቂቁ ታትሞ ሕዝብ እንዲያየው ከተደረገ በኋላ፥ ከኅዳር 1948 ጀምሮ አንቀጽ በአንቀጽ ተመረመረ። ከ7,600 የሚበልጡ የማሻሻያ ሐሳቦች ተመዘገቡ፤ ከእነዚህም 2,473ቱ በጉባኤው ፊት ቀርበው ክርክር ተደረገባቸው። ስለ ቋንቋ የተነሣው ክርክር ከሁሉ የመረረ ነበር፤ ስለ ቁጥር አጻጻፍ እንኳ ሳይቀር ተሟገቱ። በመስከረም 1949 ግን ሂንዲ የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን፥ እንግሊዝኛም ለ15 ዓመት አብሮ እንዲሠራበት ተስማሙ። ከአምስት ሰው አራቱ ያህል ማንበብ በማይችልበት ሀገር፥ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድና ሴት ሁሉ ድምፅ ይስጥ ብለው ወሰኑ።

የረቂቁ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካር ይባላሉ። መምህራችን ስማቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ምክንያቱም እኒህ ሰው የተወለዱት፥ ሌላው ሕዝብ ቢነኩት ያረክሱታል ከሚላቸው ወገኖች ነው። በልጅነታቸው በክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ከቤት ይዘውት በሚመጡት የጆንያ ቁራጭ ላይ ነበር። ውሃ ሲጠማቸው የቧንቧውን መክፈቻ መንካት ስለማይፈቀድላቸው፥ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ መጥቶ ካልከፈተላቸው ጥማቸውን ይዘው ይውሉ ነበር። ይህ ልጅ አድጎ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ከፍተኛ ትምህርት ፈጸመ፤ በ1927 በማሃድ ከተማ ሺህ ሰዎችን አስከትሎ ከሕዝብ ኩሬ ውሃ ጠጣ፤ ከ20 ዓመት በኋላም ያንኑ ሕዝብ የሚያስተዳድረውን ሕግ እንዲያረቅ ተመረጠ።

ኅዳር 29 ቀን 1948 ጉባኤው ሰውን አይነኬ ማለት የተሻረ መሆኑን የሚደነግገውን አንቀጽ ተቀበለ። አንድ አባል «ቃሉ ፍቺ አልተሰጠውም» በማለት ተከራክረው ነበር፤ ነገር ግን ያለ ፍቺ ጸደቀ። ይህም ዛሬ አንቀጽ 17 የሚባለው ነው።

መምህራችን ይህን ነግረውን ሲጨርሱ ወደ እኔ ተመለከቱና፥ «በእናንተስ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ተነሥቼ ቆምሁና «የለም» አልሁ።

ዋሽቻለሁ። በእናታችን ቤት አጥር ላይ አንዲት ቅል ተንጠልጥላ ትኖር ነበር። ጀበናና እንስራ እያመጣች የምትሸጥልን ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ከደጅ አታልፍም፤ በጥላው ሥር ትቀመጣለች። ውሃ ስትጠይቅ በዚያች ቅል እጇን ሳልነካ ከላይ የማፈስላት እኔ ነበርሁ። ውሃው የሚቀዳበት እንስራ ግን የራሷ የእጅ ሥራ ነበር። እኛ ከእርሷ እንስራ ስንጠጣ አልረከስንም፤ እርሷ ከእኛ ዋንጫ ብትጠጣ ግን ዋንጫው ይረክሳል ይባል ነበር። የትምህርት ቤቱን ተላላኪ ነገር ስሰማ ያወቅሁት ራሴን ነው፤ ስለዚህም አፍሬ ዋሸሁ።

በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤት ስመለስ በደሌን ለመካስ አሰብሁ። ሴትዮዋ በመጣች ቀን የቤቱን ዋንጫ በውሃ ሞልቼ በሁለት እጄ አቀረብሁላት። ዋንጫውን አየችው፤ ቀጥሎም ወደ ቤቱ በር አየች። «የኔ ጌታ፥ የእኔን ቅል አምጣልኝ» አለች። እኔም ብዙ ከለመንኋት በኋላ ቅሏን አመጣሁላት። እናቴ በበሩ ቆማ ሁሉን ስታይ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ያን ቀን የሆነውን በሚገባ ያስረዳኝ አምቤድካር ኅዳር 25 ቀን 1949፥ ሕገ መንግሥቱ በሚጸድቅበት ዋዜማ ያደረጉት ንግግር ነው። ሌላው ሁሉ በደስታ ላይ ሳለ እርሳቸው አስጠነቀቁ። በፖለቲካ እኩል ሆነን በኑሮና በማኅበራዊ ግንኙነት እኩል ካልሆንን፥ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሕይወት ውስጥ መግባታችን ነው፤ ሕገ መንግሥት ምንም ያህል መልካም ቢሆን የሚሠሩበት ሰዎች ክፉዎች ከሆኑ ክፉ ይሆናል፤ አንድን ታላቅ ሰው እንደ አምላክ አምኖ መከተልም በፖለቲካ ወደ ውድቀት ያደርሳል አሉ። ጉባኤው በማግሥቱ 395 አንቀጾች ያሉትን ሕግ አጸደቀ፤ ከጥር 26 ቀን 1950 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 17ን የሚተላለፍ የሚቀጣበት ዝርዝር ሕግ በ1955 ወጣ። ያም ሆኖ ልማዱ በሕንድ መንደሮች ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

ታዲያ ያ ሁሉ ክርክር ከንቱ ነበር ማለት ነውን? አይደለም። ልማድ ብቻ በነበረበት ጊዜ የተናቀው ሰው የሚያቀርበው ልመና ነበር፤ ሕግ ከወጣ በኋላ ግን የሚያቀርበው ክስ ነው። በልመናና በክስ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። ነገር ግን የቀረውን መንገድ ሕግ ብቻውን አይሄደውም። እኔ ለሸክላ ሠሪዋ ዋንጫውን ሳቀርብ በእጇ ምንም ዋስትና አልነበራትም፤ እኔ ወደ ትምህርት ቤቴ ስመለስ እርሷ ከጎረቤት ጋር ልትኖር ነውና፥ በአንድ ልጅ ቸርነት ላይ ኑሮዋን ለመጣል አልደፈረችም። ልክ ነበረች።

መምህራችን ውሉ ሲያልቅ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። እኔም «የለም» ያልሁትን ሳላርም ቀረሁ። አሁን፥ ምንም እንኳ ዘግይቶ ቢሆን፥ በዚህ ጽሑፍ መልሴን አርሜያለሁ፤ ነበረ፤ ቅሊቱንም የያዝሁት እኔ ነበርሁ።